ሐያት፣ መካኒካል ምህንድስናን ከመተውሽ በፊት

የኔ ልጅ ሐያት፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ በሶ ልካለች፤ ለጓደኞችሽም አካፍይ።

በቀደም በስልክ «በዊልቸር ሆኜ ወርክሾፕ ገብቼ ምን ልሠራ? ሌላ ትምህርት ልምረጥ» ስትዪኝ ተሳፋሪ እየጫንኩ ስለነበር በቅጡ አላወራንም። አሁን መናኸሪያ ተራ እየጠበቅኩ ነው።

ራልፍ ቲተር የሚባል አሜሪካዊ ነበር። በ5 ዓመቱ አንድ ዓይኑን ቢላ ወጋው፤ ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛውም ጠፋ። በ1912 እ.ኤ.አ. በመካኒካል ምህንድስና ተመረቀ። ታዲያ ጠበቃው መኪና ሲያሳፍረው ነገሩ ግራ ገባው። ሰውየው ሲያወራ መኪናው ይቀንሳል፣ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ይፈጥናል። ቲተር በዚህ ተማርሮ ፍጥነትን ባለበት የሚይዝ መሣሪያ ፈለሰፈ። የፈጠራ መብቱን (ፓተንት) በ1950 አገኘ፤ ክራይስለር በ1958 ሞዴሎቹ ላይ ገጠመው። ክሩዝ ኮንትሮል የሚሉት ነው። (የኔ ሚኒባስ የለውም። ቢኖረውስ የሐረጎን ቁልቁለት በሱ ማን ይወርዳል?)

ሰው «ዓይነ ስውር ሆኖ እንኳ» እያለ ያደንቀዋል። ለኔ አልተዋጠልኝም። መሪ የያዘው ሰውዬ ዓይን እያለው አላስተዋለም። ቲተር ግን መንገዱን ስለማያይ የመኪናውን መንገጫገጭ በገላው ነበር የሚከታተለው።

ያንቺን ዊልቸርም እይው። የመቀመጫውን ጨርቅ መሀሉ ላይ ይዤ ወደ ላይ ስስበው እጥፍ ይልና ከኋላ ወንበር ጀርባ እሸጉጠዋለሁ። ከሥሩ ያሉት ብረቶች እንደ መቀስ ስለተጠላለፉ ነው። ይህን በ1930ዎቹ የሠሩት ኸርበርት ኤቨረስትና ወዳጁ ሃሪ ጄኒንግስ ናቸው፤ ሁለቱም መሐንዲሶች። ኤቨረስት ማዕድን ማውጫ ውስጥ አደጋ ደርሶበት እግሮቹ አልታዘዝ ብለውት ነበር። የዚያ ዘመን ዊልቸር ከባድ ነው፣ መኪና ውስጥ አይገባም። ቸግሮት ሠራው።

አንቺስ? ዝናብ ሲዘንብ ፍሬኑ ጎማው ላይ ይንሸራተታል እያልሽ ስንቴ ነግረሽኛል። ደሴ ላይ ደግሞ ሜዳ የት አለና! ከክፍልሽ ልጆች ይህን ካንቺ በላይ የሚያውቅ አለ?

እስቲ ፍሬኑ እንዴት ቢሆን እንደሚሻል በወረቀት ንደፊው። ቅዳሜ ከሰዓት መጥቼ እወስድሻለሁ። ብየዳ ቤት ያለውን ጎረቤታችንን አናግሬዋለሁ፤ ልኩን ካመጣሽለት ብረቱን ይቆርጥልናል። የትምህርት ክፍል መቀየሪያውን ፎርም እስከዚያ እንዳትሞዪው።

አብሽሪ። ተራዬ ደረሰ።

አባትሽ