ቅዳሜ ወደ ሐይቅ

ሰላም ጓዶች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ዓሣ ልናጠምድ ከደሴ ፒያሳ ወደ ሐይቅ እንነሳለን። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አርፋጅ አንጠብቅም።

መንጠቆና ክር ሁላችሁም ያዙ። ትሉን እኔ ከጓሮዬ ቆፍሬ አመጣለሁ። ባለፈው ጣሳው ሳይከደን ቀርቶ ሚኒባሱ ውስጥ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። አሁን ክዳኑን በላስቲክ ጥፍር አድርጌ አስረዋለሁ። ለቆሮሶ ዳር ዳሩን፣ ቄጠማው አጠገብ ይሻላል። አምባዛ የፈለገ ትዕግስት ይያዝ። ትንንሾቹን መልሰን እንለቃለን፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ሐይቁ መሃሉ ላይ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ስለዚህ ጀልባ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳት ክልክል ነው። እስጢፋኖስ ገዳምን መሳለም የምትፈልጉ ወንዶች ቀድማችሁ ንገሩኝ።

ሚጥሚጣና ሎሚ ማን ይይዛል?