የእማማ ስኒ፦ ድጋፍ ከመቀነሱ በፊት ለከተማ አስተዳደሩ

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ለአቅመ ደካሞች የሚሰጠውን ወርሃዊ ድጋፍ ስለመቀነስ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ከመግባቱ በፊት ይድረሳችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። ካዝናው መሳሳቱን ለማወቅ የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያሻም። ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ይመላለሱ የነበሩ ጀልባዎች ከ2015 ክረምት ወዲህ ስንቱን ቀን ታስረው እንደዋሉ የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ያውቃል። እንግዳ ካልመጣ ሆቴሉስ ከምን ላይ ግብር ይከፍላል? ስለዚህ «ገንዘብ የለም» ስትሉ አምናችኋለሁ። ግን የድሃው ድጋፍ ገና ሊቀነስ አይደለም፤ ገበያው ቀድሞ ቀንሶታል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይመራ ሲባል ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 አለፈ። ጎረቤቴ እማማ ዶላር አይገዙም፤ ዘይት ግን ይገዛሉ። ድሮ በሊትር ነበር፣ ኋላ በግማሽ ሊትር፣ አሁን ከጉሊት በስኒ እያስለኩ። ስኒዋን ከቤት ይዘው ይሄዳሉ፤ ባለጉሊቷ የራሷ ስኒ ታንሳለች ብለው ስለሚጠረጥሯት። (እኔም አይቻታለሁ፣ እውነትም ታንሳለች።) ጤፉን ትተው ዳጉሳውን በበቆሎ መደባለቅ ከጀመሩ ቆይተዋል። የድጋፋቸው ብር ግን ያው ነው። «ባለበት ይቀጥላል» የምትሉት ድጋፍ እንግዲህ ይህ ነው። በዚህ ላይ ከመቶ አሥር ይነሳ ቢባል ሁለተኛ ቅነሳ መሆኑ በቃለ ጉባኤው ይጻፍልን።

«ሁሉም ዘርፍ እኩል ይቀንስ» የሚለው ሐሳብ ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ለአንድ ጽሕፈት ቤት ከመቶ አሥር ማለት ግን የቀረ የመስክ ጉዞ ነው፣ ለእማማ ሦስት ቀን ነው። ለከተማ ድሆች ገንዘብ የሚሰጠው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር ተጠቃሚውን ለሁለት የከፈለው በከንቱ አልነበረም። ጉልበት ያለው በአካባቢ ልማት ሥራ ይሳተፋል፤ አረጋዊው፣ አካል ጉዳተኛውና የጸና ሕመም ያለበት በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋል። ጉልበት ያለው ክፍያው ቢጎድልበት የቀን ሥራ ፍለጋ ይወጣል፣ ያገኛል ባይባልም። የቀጥታ ድጋፉ ሰው ግን የት ይሄዳል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና አሳዳጊ የሌላቸውን ሕፃናት መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ይረዳል ይላል። «አቅም በፈቀደ» የምትለዋን ሐረግ በየስብሰባው እንሰማታለን፤ ስብሰባው ላይ ግን ባነሩ አዲስ ነው፣ ቲሸርቱ አዲስ ነው፣ አበሉም አልቀረም። በክረምት የአቅመ ደካማ ቤት ሲታደስ አንዲት ቆርቆሮ ለመምታት ስንት ካሜራ እንደሚመጣ እናንተም ታውቃላችሁ። ቆርቆሮው ይባረክ፣ ዝናብ አስጥሏል። ካሜራው ግን ይቅር።

አንድ ጊዜ የእማማ ክፍያ ሦስት ወር ዘገየ። ስልካቸውን በላስቲክ አስረው በየጠዋቱ «መልእክት ገባ እንዴ ልጄ?» ይሉኝ ነበር። አብረን ሄድን፤ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» አለን። በዚያ ሦስት ወር ከባለሱቁ የተበደሩት እስከ ፋሲካ አልወረደላቸውም። የዘገየ ክፍያም ቅነሳ ነው፣ ያውም ወለድ ያለው።

ስለ ጤና መድኑም አንድ ነገር ልበል። መክፈል ለማይችሉት መዋጮውን መንግሥት ከሚሸፍንበት ከማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ስም መሰረዝ ቀላል ቁጠባ ይመስላል። እማማ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን የሚወስዱት በዚያ ደብተር ነው። ደብተሩ ካልታደሰ ክኒኑን ያቋርጣሉ፤ ከዚያ ስትሮክ ይመጣል፣ አልጋ ይያዛል፣ ወጪውም ዞሮ እናንተው ጋ ይመጣል።

ስለዚህ መቀነስ ግድ ከሆነ መጀመሪያ ከድግሱ፣ ከነዳጁና ከአበሉ ይሁን፤ ቀጥታ ድጋፉና የመድን መዋጮው መጨረሻ ላይ ይነካ። የሚነካም ከሆነ ስንት ብር፣ ለስንት ወር፣ በማን ውሳኔ እንደሆነ ተጽፎ በየቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ። እማማ ማንበብ አይችሉም፤ እኔ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሽምብጥ ነዋሪ