ለኢንጂነሯ ጓደኛዬ፣ ስለ ቀንና ሌሊት መብራት

ውዴ፣ እንዴት ነሽልኝ?

በመጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረችሽ። አውቃለሁ፣ ልጁ ቆሞ መሄድ ጀምሯል። ፎቶውን አይቻለሁ። ቁርጥ አንቺን ነው፣ ግንባሩን ብቻ ከአባቱ ወስዷል። ያኔውኑ ልደውል ብዬ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ፣ ከቆየሁ በኋላ አፈርኩ፣ ካፈርኩ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። በቃ ይቅር በይኝ። ልደብቅሽም አልፈልግም፣ ዛሬ የጻፍኩት ናፍቆት ብቻ አስነስቶኝ አይደለም። የሚሰላ ነገር ገጥሞኝ ነው። ሂሳብ ሲጠፋኝ ወዳንቺ እንደምሮጥ ታውቂያለሽ።

ጉዳዩ መብራት ነው። አትሳቂ።

እናንተ ጋ፣ አገር ቤት፣ ዋጋው በፍጆታ እርከን ነው፣ ብዙ የፈጀ ላንዱ ኪሎዋት ሰዓት ብዙ ይከፍላል፣ ሌሊት ጋገርሽ ቀን ጋገርሽ ቆጣሪው ደንታ የለውም። እዚህ ለንደን እኔ ያለሁበት ቤት ግን ቆጣሪው ሁለት ቁጥር ይይዛል፤ አንዱ የቀን፣ አንዱ የሌሊት። ኢኮኖሚ ሰቨን ይሉታል። በ1978 ነው የጀመሩት። ሌሊት ሰው ሲተኛ ትልልቆቹ ማመንጫዎች አብረው ስለማይተኙ፣ ያንን ኃይል አርክሶ መሸጥ ነው ሐሳቡ። ርካሹ ሰባት ሰዓት ይቆያል፣ የኛ ከሌሊቱ ስድስት ተኩል እስከ ጠዋቱ አንድ ተኩል ነው። ሰመር የሚሉት የሙቀቱ ወቅት ሲገባ ደግሞ አገሩ በሙሉ ሰዓቱን አንድ ወደፊት ይገፋል፣ የእኔ አሮጌ ቆጣሪ ግን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ርካሹ ከሰባት ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ይሆናል። ይህን የሚነግርሽ ሰው የለም፣ ቆጣሪው ሥር ቆመሽ የትኛው ቁጥር እንደሚዞር ማየት ነው።

ቆይ፣ የሚገርምሽን ልንገርሽ። ይሄ ቆጣሪ ቀንና ሌሊቱን የሚለየው በሬዲዮ ነው! ቢቢሲ በረጅም ሞገድ ከሚያስተላልፈው ፕሮግራም ጋር ጆሮ የማይሰማው ምልክት ይላካል፣ እሱን ተቀብሎ ነው የሚቀያየረው። አገልግሎቱ አርጅቷልና በፈረንጆቹ ከጁን 30 ቀን 2025 አንስቶ ደረጃ በደረጃ መዘጋት ጀምሯል። መብራት የሚሸጥልን ድርጅት ደብዳቤ ላከ። ቆጣሪያችሁ ስማርት ሜትር በሚባለው ዘመናዊ ቆጣሪ ይቀየራል፣ በሁለት ዋጋ ትቀጥላላችሁ ወይስ ወደ አንድ ወጥ ዋጋ ትዞራላችሁ አለ። እኛ ቤት ጭቅጭቁ የተነሳው ከዚያ ነው። አንቺ «ዝምተኛ ነው፣ አግቢው» ያልሽኝ ሰውዬ ለካ ርዕስ አጥቶ ነበር ዝም ያለው።

ዋጋው እንዲህ ነው። በሁለቱ ዋጋ ከሄድን የቀኑ ላንድ ኪሎዋት ሰዓት 32 ፔንስ (የፓውንዱ ሳንቲም መሆኑ ነው)፣ የሌሊቱ 16። አንድ ወጥ ከሆነ ሌት ተቀን 26። አየሽ ተንኮሉን? ሌሊቱን በግማሽ ሲሸጡልሽ ቀኑን ጨምረውበት ነው። እኔ በወረቀት እንደሠራሁት ከጠቅላላ ፍጆታችን ከመቶ 38 ያህሉ ሌሊት ላይ ካልዋለ ሁለት ዋጋው ኪሳራ ነው። ይህን እንኳን ያላንቺ ደርሼበታለሁ፣ አድንቂኝ።

የእኛ በዓመት 3,600 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። በብርዱ ወራት 2,400፣ ግማሹን የሚያልፈው ሌሊት ነው፣ 1,320። በሙቀቱ ወራት 1,200፣ ሌሊት የሚገባው 240 ብቻ። ደምሪው፤ ሌሊቱ 1,560፣ ቀኑ 2,040። በሁለት ዋጋ 902 ፓውንድ ከ40 ይመጣል። በአንድ ወጥ 936። ልዩነቱ 33 ፓውንድ ከ60 ነው፣ ያውም በዓመት!

እንግዲህ ለዚህች 33 ፓውንድ ስል የምሆነውን ብታይ። እንጀራ የምጋግረው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ማታ አብሲቱን ጥዬ፣ ሊጡን ጨምሬ፣ ኩፍ ብሎ ሲጠብቀኝ ያድራል። እማዬ ሰው ለምና የላከችልኝ ምጣድ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል፤ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ይጎትታል፣ የዚህ አገር ሶኬት ደግሞ 13 አምፒር ነው፣ ሦስት ኪሎዋት ገደማ ላይ ያበቃለታል። ስለዚህ በትንሿ፣ ባንድ ኪሎዋት ተኩሏ ነው የምሠራው። ለመስማት ትዘገያለች። ሁለት ሰዓት ስጋግር ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች፣ በሌሊቱ 48 ፔንስ፣ በቀኑ 96። አክንባሎውን ሳነሳ እንፋሎቱ ኮሪደሩ ላይ ያለችው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጋ ከደረሰ ጩኸቷ ፎቁን በሙሉ ይቀሰቅሳል። እናም በአንድ እጄ እንጀራ አወጣለሁ፣ በሌላው ፎጣ አራግባለሁ። አስቢው፣ ለ48 ፔንስ። ያኔ ኮተቤ ሽቦ ምድጃዋን የእትዬን ኮቴ ስንሰማ አልጋ ሥር የምንገፋት ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ሁለት ነበርን። ደግሞ ሁልጊዜ የምትያዢው አንቺ ነበርሽ።

ልብስ ማጠቢያውን ሌሊት ከማስነሳት ግን ወጥቻለሁ። ተኝታችሁ ማሽን እየሠራ አትተዉ ብለው የእሳት አደጋ ሰዎቹ ራሳቸው ይመክራሉ፣ ከታች ያሉት ሴትዮም ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እየደበደቡ ይመክራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ጭቅጭቁ እዚህ ጋ ነው። ሌሊቱን የሚበላው ስቶሬጅ ሂተር የሚሉት ማሞቂያ ነው። ሆዱ ውስጥ ከባድ ጡብ አለ። በርካሹ ሰዓት ጡቡን ያግላል፣ ቀን ሙቀቱን ቀስ እያለ ይለቃል። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ለነገው የምትሞዪው ዛሬ ማታ ነው፣ ነገ ብርድ ይሁን ፀሐይ መገመት ያንቺ ፈንታ ነው። ብርድ ነው ብለሽ ሞልተሽው ፀሐይ ከወጣች መስኮት ከፍተሽ ገንዘብሽን ታናፍሺያለሽ። ሁለታችንም ቤት በማንውልባቸው ቀናት ደግሞ ባዶ ቤት ሲያሞቅ ይውላል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስንሰበሰብ ጡቡ ለብ ብሏል፣ ሰውዬው በ32 ፔንሱ ሰዓት ያቺን ዘይት ያላትን ራዲያተር ይሰካል።

እናም የሱ ክርክር፣ «ረከሰ ብለን የማንፈልገውን እንገዛለን፤ አንድ ወጥ ዋጋ ይሁንልን፣ ጡቡን እንተወው፣ ቤት ስንኖር በራዲያተሯ የምንቀመጥበትን ክፍል ብቻ እናሙቅ» ነው። ተናድጄ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። በ26 ሒሳብ ከ902 በታች ለመውረድ በዓመት 130 ኪሎዋት ሰዓት መቀነስ ይበቃል። ባዶ ቤት የሚሞቀው ብቻ ከዚያ በላይ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው እንጂ ማረጋገጥ አልቻልኩም፣ ለዚህ ነው አንቺን የፈለግኩሽ። ደግሞ ራዲያተሯ ብቻዋን ጥር ላይ ያንን ክፍል ትችለዋለች? መስኮቱ አሮጌ ነው፣ ነፋስ ያስገባል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው... እሺ። ትምህርቱን አትጠይቂኝ፣ አቋርጬዋለሁ። ለእማዬ አልነገርኳትም፣ ስትደውይላት እንዳታነሺባት። አሁን አረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ፣ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን። ሥራው መጥፎ አይደለም፣ አዛውንቶቹን ወድጃቸዋለሁ፣ ወገቤ ነው የሚያስቸግረኝ። ከመብራቱ ጋር ምን አገናኘው ትያለሽ። ፈረቃ በገባሁ ቀን ርካሹ ሰዓት የሚያልፈው እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። በብርዱ ወራት ቤቴ ስደርስ ሁለት ሰዓት ይሆናል፣ አንድ ተኩል ላይ ተዘግቷል። ሻዩን በ32፣ ሻወሩን በ32። ስለዚህ ማሞቂያው በማያስፈልግበት ሰመር ላይ ሌሊታችን ከመቶ 20 ብቻ የሆነው በስንፍና አይደለም። ለሰውዬው ይህን ስነግረው ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ «ፈረቃውን ቀይሪ» አለ። ያው፣ ወሬው ወዲያ ሄደ፣ እዚህ አልጨርሰውም፣ ስንደዋወል ይሻላል።

ወደ ሂሳቡ። የቆጣሪውን ፎቶ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ ማታ ስተኛና ጠዋት ስነሳ ያነሳሁት ነው፣ ሌሊት ላይ የዘለለው ቁጥር የሌሊቱ ነው። እኔን የሚያስፈልገኝ ጡቡ በቀን ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚይዝ ነው፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍም አንስቼዋለሁ። እስከ ዓርብ መልስ መስጠት አለብን። ልጁ ሲተኛልሽ ብቻ ተመልከቺው፣ ቀስ ብለሽ፣ ግን እስከ ዓርብ።

የልጁን የጫማ ቁጥርም ላኪልኝ፣ በወሩ መጨረሻ ወደዚያ የሚመጣ ሰው አለ፣ ከሻንጣው ጥግ ቦታ ለምኛለሁ።

መልሱን ስትጽፊ ደግሞ ተጠንቀቂ፣ ስልኬን አንዳንዴ እሱ ነው የሚያነሳው። እኔ ልክ ከሆንኩ እንደፈለግሽ ጻፊ። እሱ ልክ ከሆነ ግን ደውይልኝ።

ያንቺው