የባዮሎጂ ክበባችን ዓመት፦ ከንፍፊት የጀመረ ጥያቄ

የዘንድሮው ሥራችን የተጀመረው በአንድ ንፍፊት ነው። ጥቅምት መግቢያ ላይ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ እያነከሰ ወደ ክበቡ መጣ። ኳስ ሲጫወት የጠርሙስ ስባሪ እግሩን ቆርጦት ነበር። ቁስሉ ተረከዙ ላይ ነው፤ እሱ ግን ብሽሽቱን ይዟል። «ቲቸር፣ የተቆረጠው እግሬ፣ ያበጠው ብሽሽቴ። ለምን?» አለኝ። ሃያ ሦስቱም አባላት ወደ እኔ ዞሩ። ንፍፊት ወጥቶበት የማያውቅ ልጅ አልነበረም። ምክንያቱን የሚያውቅም አልነበረም።

ዕቅዳችን የዕፅዋት ስብስብ ማዘጋጀት ነበር። እሱን ለከርሞ አቆየነውና ይህን ጥያቄ ያዝን።

እኔም የራሴ ምክንያት ነበረኝ። ከዓመታት በፊት የአክስቴ ልጅ በወለደች በአራተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት፤ ብርድ ብርድ አላት። «ምች መቷት ነው» ተባለና ዳማከሴ ታሸላት። በማግስቱ አነጋገሯ ተምታታ፣ ትንፋሿም ቶሎ ቶሎ ሆነ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። ሴፕሲስ የሚለውን ቃል የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ሰው በተለምዶ የደም መመረዝ ይለዋል። ባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ምልክቱን አለመለየቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለልጆቹም ይህንኑ ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

መጀመሪያ ቁስል ውስጥ የሚገባ ባክቴሪያ እንዴት እንደሚራባ ለማየት ምስር ቆጠርን። እንደ ኢ ኮላይ ያለ ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ አንዱ ሁለት ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ አንድ ፍሬ አደረግን፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት። በአሥረኛው ዙር 1,024 ፍሬ ደረስን። ይህ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን በስሌት ቀጠልን፤ በ7 ሰዓት ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። አንዷ አባል ምስሩን እየሰበሰበች «ታዲያ እስካሁን እንዴት በሕይወት ቆየን?» አለች።

መልሱን ፍለጋ ወደ ማይክሮስኮፑ ሄድን። የደም ስላይዱ የተዘጋጀ ነው፤ ማንንም አልወጋንም። ቀይ የደም ሴል እንደ አሸዋ ሞልቷል። ነጩን ለማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ኒውትሮፊል የሚባለው ተገኘ። ኒውክለሱ አንድ ክብ አይደለም፤ በቀጭን ክር እንደተያያዙ ሦስት አራት ጉብታዎች ነው። አንዱ ልጅ «ጉልቻ ይመስላል!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክበባችን ኒውትሮፊል ስሙ ጉልቻ ነው። መቅኒያችን በቀን ወደ 100 ቢሊዮን የሚሆኑ ጉልቻዎችን ያመርታል። ቁስል ላይ ቀድመው የሚደርሱት፣ ባክቴሪያውንም የሚውጡት እነሱ ናቸው። መግል የምንለው አብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው። ክትባት ወይም ያለፈ በሽታ ያስተማራቸው አይደሉም፤ ይዘናቸው የተወለድናቸው ዘበኞች ናቸው።

ይህን መዋጥ አይቶ ትርጉሙን ያስረዳው ሳይንቲስቱ ኢልያ ሜችኒኮፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 መሲና፣ ጣልያን ውስጥ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ የኮከብ ዓሣ እጭ ላይ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። ሲነጋ ሴሎች እሾሁን ከበውት አገኘ። በ1908 የኖቤል ሽልማት ተጋርቶበታል። እኛ ዘንድ ታሪኩ ማስረዳት አላስፈለገውም። እሾህ እግሩ ውስጥ አድሮበት፣ ጠዋት ዙሪያው መግል የቋጠረበት ልጅ ብዙ ነው።

የንፍፊቱም ነገር እዚህ ላይ ተፈታ። ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽ በሊምፍ ቧንቧ ወደ ላይ ይሄዳል። ብሽሽት ላይ ያለው ዕጢ ያጣራዋል። እዚያ ሴሎች ይሰበሰባሉ፣ ይራባሉም። ዕጢው የሚያብጠው ሥራ ስለበዛበት ነው።

ከሁሉ የከበደን ቀጣዩ ጥያቄ ነበር። ዘበኞቹ እንዲህ ጎበዝ ከሆኑ ሰው በሴፕሲስ ለምን ይሞታል? ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ልጆቹ «ባክቴሪያው ስለበዛ» ብለው ሊዘጉት ፈለጉ። መልሱ ግን ግማሽ ነው። ቁስል የሚቀላው፣ የሚያተኩሰውና የሚያብጠው የደም ሥሮች ስለሚሰፉና ፈሳሽ ስለሚያሾልኩ ነው። ይህ ለጉልቻዎቹ መንገድ ይከፍታል። አንድ ቦታ ላይ ሲሆን ይጠቅማል። ያው ጥሪ በመላ ሰውነት ሲሰማ ግን የገዛ አካላችንን ይጎዳል።

ይህን ለማሳየት ሃይላንድ ወስደን ሥሩ ላይ ቀጭን ጎማ ገጠምን። ውሃ ሞልተን ጎማውን ስንለቀው ወለሉ ላይ ራቅ ብሎ አረፈ። ያረፈበትን በጠመኔ ምልክት አደረግን። ከዚያ አንዷ ልጅ ጎማውን በመርፌ ብዙ ቦታ ወጋችው። ሃይላንዱን እንደገና ብንሞላውም ውሃው ከጠመኔው ምልክት ሊደርስ አልቻለም፤ ጎማው አፍ ሥር ጠብ ጠብ አለ። «ጎማው ጫፍ ላይ ኩላሊት አለ በሉ» አልኳቸው። ሴፕሲስ ላይ የደም ግፊት የሚወርደው፣ ሽንት የሚቀንሰው፣ ሰውም የሚቀባዥረው እንዲህ ነው። በእውነተኛው ሰውነት ደግሞ ጥቃቅን የረጋ ደም ቀጫጭን ሥሮችን ይዘጋል። ለዚህ ነው አንቲባዮቲክ ብቻውን የማይበቃው፤ ፈሳሽም በደም ሥር ይሰጣል፣ ሁለቱም በሰዓታት ውስጥ መድረስ አለባቸው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ብቻ በዓለም 48.9 ሚሊዮን ሰው በሴፕሲስ እንደታመመና 11 ሚሊዮን ሰው ከዚሁ ጋር በተያያዘ እንደሞተ ተገምቷል። ከታመሙት ግማሽ ያህሉ ልጆች ናቸው። ይህን ቁጥር በሚኒ ሚዲያ ስናነበው ግቢው ጸጥ አለ።

የእጅ መታጠብ ቀንን በሐኪሙ በኢግናዝ ሰመልቫይስ ታሪክ አከበርን። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ሐኪሞች ሬሳ መርምረው በዚያው እጃቸው ያዋልዱ ነበር። በእነሱ ክፍል በሚያዝያ ወር ከመቶ 18 ያህል አራሶች ሞቱ። ሐኪም ጓደኛው ሬሳ ሲመረመር ጣቱ ተቆርጦ እንደ አራሶቹ ሲሞት ሰመልቫይስ ነገሩ ገባው። እጅ በክሎሪን ውሃ እንዲታጠብ አዘዘ። በሰኔ ሞቱ ከመቶ ወደ 2 ወረደ። እሱን የሰማው ጥቂት ነበር። እሱም በ1865 በተመረዘ ቁስል ሞተ። ይህን ክፍል ሳነብ የአክስቴ ልጅ ፊቴ ላይ ነበረች።

በየካቲት አንዲት ሲስተር ከጤና ጣቢያ መጥተው ትንፋሽ መቁጠር አስተማሩን። ሙሉ አንድ ደቂቃ፣ በሰዓት። ትኩሳት ያለበት አዋቂ 22ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ያሳስባል፤ ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ደግሞ 60ና ከዚያ በላይ ከሆነ። መቀባዠር፣ ማንቀጥቀጥ፣ የሽንት ማነስም እንደዚያው። እትብት ላይ ቅቤ መቀባት ለምን እንደሚጎዳ ሲናገሩ ብዙ ልጆች አቀረቀሩ። ቤታቸው ያዩት ነገር ነው። ሲስተሯ ግን ማንንም አልወቀሱም፤ በቅቤው ፈንታ እትብት ላይ እንዲቀባ የሚሰጠውን ጀርም ገዳይ መድኃኒት፣ ክሎርሄክሲዲንን፣ አሳዩን።

ግንቦት ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል አባል ጎረቤቷ ያለች አራስ አተኮሳት። ልጅቷ ትንፋሿን ቆጠረች፤ 24 ሆነ። እናቷን ቀስቅሳ በሌሊት ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ሴፕሲስ አልነበረም፤ የጡት ኢንፌክሽን ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት። ሰኞ «ቲቸር፣ ሰው አስደነገጥኩ» ብላ አንገቷን ደፍታ መጣች። አባላቱ ሁሉ ተነስተው አጨበጨቡላት። እኔ ቶሎ መናገር አቃተኝ።

ዓመቱን በ23 ጀምረን በ31 ጨርሰናል። ለከርሞ የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት እንፈልጋለን፤ አንድ የያዝነው በቂ አልሆነም። የመክፈቻ ጥያቄውንም ልጆቹ ከወዲሁ መርጠዋል፦ ትኩሳት ራሱ ለሰውነት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?