ፊልሙ ብቻ ሳይሆን የከቱ ዝርዝርም ይቀመጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ናችሁ? ይሄን የምጽፈው በቅርቡ አንድ አንባቢያችሁ የድሮ አማርኛ ፊልሞች ዩቲዩብ ላይ ሲታዩ ጥራታቸው ያሳፍራል ብሎ የጻፈውን አይቼ ነው። ሰውየው የወቀሰው ካሜራውን ነው። እኔ ግን አዲስ አበባ ውስጥ 14 ዓመት ቪዲዮ ኤዲት ሳደርግ የኖርኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልበል፣ የብዙዎቹ ፊልሞች ኦሪጅናል ፉቴጅ (ካሜራው የቀረጸው ጥሬ ምስል) ዩቲዩብ ላይ ከምታዩት በጣም ይሻላል፣ ችግሩ ወደ ፉቴጁ ተመልሶ ፊልሙን እንደገና የሚያወጣበት መንገድ መጥፋቱ ነው። መንገዱ ደግሞ በስልካችሁ የምታነሱትን አንድ ፎቶ እንኳን የማያክል ትንሽዬ ፋይል ነው።

ለማያውቀው ላስረዳ። ኤዲተር ሲቆርጥ ኦሪጅናሉን ፋይል አይነካም። የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ፕሪሚየር ይሁን አቪድ ይሁን ዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ የሚሰራው ስራ ከዚህ ሻት (ካሜራው ሳያቋርጥ የቀረጸው ምስል) ከዚህ ፍሬም (ቪዲዮው የተሰራበት አንድ ነጠላ ፎቶ) እስከዚህ ፍሬም ውሰድና ፊልሙ ላይ እዚህ ጋ አስቀምጥ እያሉ መመዝገብ ነው። ያ መዝገብ በጽሁፍ ሲወጣ ኤዲት ዲሲዥን ሊስት ይባላል፣ እኛ በአጭሩ ኢዲኤል እንለዋለን። ምንም ልዩ ፕሮግራም አይፈልግም፣ በኖትፓድ ይከፈታል። አንዷ መስመር እንዲህ ናት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚወጣው እኔ በኛ ገልብጬዋለሁ፦

003 ካርድ07 ቪ ሲ 10:04:21:08 10:04:24:20 01:00:09:15 01:00:13:02

003 ሶስተኛው ከት፣ ማለትም ሶስተኛው ቁራጭ ማለት ነው። ካርድ07 ሻቱ የመጣበት የካሜራ ሚሞሪ ካርድ ነው፣ በቴፕ ዘመን አጠራር ሪል የሚባለው። ቪ ምስል መሆኑን ይነግርሃል፣ ሲ ደግሞ በቀጥታ የተቆረጠ ማለት ነው፣ ዲዞልቭ (አንዱ ምስል እየደበዘዘ ሌላው የሚተካበት) ቢሆን ኖሮ ዲ ተብሎ ስንት ፍሬም እንደሚፈጅ ይጻፍበት ነበር። ከዛ አራት ታይምኮድ፣ ማለትም የእያንዳንዱን ፍሬም ቦታ በሰዓት የሚነግር ቁጥር አለ፣ የፊተኞቹ ሁለቱ ኦሪጅናሉ ላይ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያበቃ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ ፊልሙ ላይ የት እንደሚያርፍ። ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ፣ ፍሬም። እኛ በሰከንድ 25 ፍሬም ስለምንሰራ የመጨረሻዋ ቁጥር 24 ስትደርስ ሰከንዱ ይዞራል። ብትቆጥሩት በሁለቱም በኩል 3 ሰከንድ ከ12 ፍሬም ይመጣል። በቃ ይሄው ነው፣ የአንድ ሙሉ ፊልም ቆረጣ እንዲህ እንዲህ እየተባለ መስመር በመስመር ተጽፎ ይቀመጣል።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢኤስና ሜሞሬክስ የሚባሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች ተጋግዘው ሲኤምኤክስ 600 የሚባል ማሽን አወጡ፣ ደብዘዝ ባለ ጥቁርና ነጭ ምስል ቆርጠህ ትጨርስና ዝርዝሩ ይወጣል፣ ከዛ በዝርዝሩ መሰረት ዋናው ቴፕ ላይ ይሰራል። ያኔ ኦንላይን የሚባለው፣ ዋናው ቴፕ የሚሰራበት ክፍል በሰዓት ብዙ ብር የሚከፈልበት ስለነበር ሰው ሀሳቡን ርካሹ ክፍል ውስጥ ጨርሶ ዝርዝሩን ይዞ ነበር የሚገባው። በኋላ የመጣው ሲኤምኤክስ 3600 የሚባለው አጻጻፍ ዛሬም አለ፣ ፕሪሚየር ላይ ኢዲኤል ኤክስፖርት ስትሉ የምታገኙት እሱኑ ነው፣ ሲኤምኤክስ የሚባለው ኩባንያ ራሱ ከጠፋ ስንት ዘመኑ። ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ስራውን በራሱ ቋንቋ የሚያስቀምጥበትን የፕሮጀክት ፋይል ተመልከቱ በተቃራኒው፣ አፕል እ.ኤ.አ. በ2011 ፋይናል ከት የሚባለውን ኤዲቲንግ ፕሮግራሙን በአዲስ ሲያወጣ የፋይናል ከት 7ን ፕሮጀክት አልከፍትም አለ፣ እዚህ ከተማ ደግሞ በፋይናል ከት 7 ያልተሰራ ነገር አልነበረም፣ ፊልሙም ክሊፑም ሰርጉም።

የራሴን ልንገራችሁ። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ከስምንት ዓመት በፊት ፊልሟን የቆረጥኩላት ፕሮዲውሰር ደወለችልኝ፣ ውጭ አገር ፊልሙን የሚገዛ ሰው መጥቷል ግን ሰብታይትል የሌለበት ንጹህ ኮፒ ነው የሚፈልገው። እጇ ላይ ያለው ኮፒ ደግሞ የእንግሊዝኛው ሰብታይትል ምስሉ ላይ ተጣብቆ የወጣ ነው፣ የሚላቀቅ ነገር አይደለም። "ልጄ፣ ፕሮጀክቱ አንተ ጋ የለም?" አለችኝ። እኔ ጋ የለም። የቆረጥንበት ስቱዲዮ ተዘግቷል፣ ኮምፒውተሮቹ ፎርማት ተደርገው ተሸጠዋል። "ፉቴጁስ?" ስላት ሁለቱ ሃርድ ዲስክ ቤቷ ቁም ሳጥን ውስጥ በጋቢ ተጠቅልሎ አለ። አለ! ሄጄ ሰካሁት፣ ሁለቱም ተነሱ፣ እግዜር ይስጣት። ግን ፉቴጅ ብቻውን ምን ያደርጋል፣ ከ60 ሰዓት በላይ ጥሬ እቃ ነው፣ ከዛ ውስጥ 1,300 ምናምን ሻት መርጦ በፍሬም ልክ መልሶ መግጠም የወራት ስራ ነው።

ሌሊት ላይ ተኝቼ ትዝ ያለኝ የፊልሙን ከለር (ቀለም) ለሚያስተካክለው ልጅ ዝርዝሩን በኢሜይል ልኬለት እንደነበር ነው። ተነስቼ ፈለግኩ፣ አምስት ፋይል ተገኘ። አምስት የሆነው የድሮው አጻጻፍ ከ999 ከት በላይ ስለማይቆጥር ፊልሙን ሀያ ሀያ ደቂቃ አድርገን ከፋፍለነው ስለነበር ነው። አምስቱም ተደምረው 200 ኪሎባይት አይሞሉም። ሪዞልቭ ላይ ፉቴጁን ጭኜ የመጀመሪያውን ዝርዝር ስሰጠው ሻቶቹ በየቦታቸው እየገቡ ታይምላይኑ (ሻቶቹ በተራ የሚደረደሩበት መስመር) ሞላ፣ ያኔ እኔና ዳይሬክተሩ አብረን አምሽተን የተጨቃጨቅንበት ከት ሁሉ ልክ እንደነበረ ተመልሶ መጣ። እውነቴን ነው እንባዬ መጣ።

ከአምስቱ አራቱ ክፍል በሶስት ቀን አለቀ። የቀረው አራተኛው ክፍል ነው ያቃጠለኝ። የሌሊት ትእይንቶቹ የተቀረጹት በካኖን 5ዲ ማርክ 2 ነው፣ ያ ካሜራ ደግሞ ስንቀርጽ ታይምኮድ የሚባል ነገር አልነበረውምና ሁሉም ክሊፕ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ዝርዝሩ ከ00:00:12:06 ጀምር ሲል የየትኛው ክሊፕ 12ኛ ሰከንድ? መቶ ክሊፕ መቶውም 12ኛ ሰከንድ አለው። ያዳነኝ ከእያንዳንዱ ከት ስር በኮከብ ምልክት የሚጻፈው የክሊፑ ስም ነው፣ ፍሮም ክሊፕ ኔም የሚለው መስመር፣ እሱን እያነበብኩ አንድ በአንድ ገጠምኩ። እሱም ቢሆን አንድ ትእይንት ላይ አልሰራም፣ ምክንያቱም ከኤዲቲንግ በኋላ ማን እንደሆነ እንጃ ሃርድ ዲስኩ ላይ የፋይሎቹን ስም ቀይሮ "ማታ በር ጥሩ 2" ምናምን ብሎታል። 41 ሻት ነው፣ የድሮውን ኮፒ ጎን ለጎን ከፍቼ በአይኔ እየገጠምኩ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። እናትየዋ በሩን ከፍታ ልጇን የምታይበት ሻት ላይ 6 ፍሬም ዘግይቼ ገባሁ፣ ሩብ ሰከንድ እንኳን አይሞላም፣ ዳይሬክተሩ መጥቶ ሲያይ እዛች ጋ ሲደርስ አቁም አለኝ፣ "ትንፋሿ የለም" አለ። እውነቱን ነው፣ ከማየቷ በፊት የምትስባት ትንፋሽ በነዛ 6 ፍሬሞች ውስጥ ነበረች። የቀሩት 1,200 ከቶች ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልጠፋም፣ ተጽፎ ስለተቀመጠ።

ስለዚህ ዝርዝሩ እንዲያገለግል ገና ሲቀረጽ ነው መጠንቀቅ ያለብን። ካርድ በተቀየረ ቁጥር ለየብቻው ፎልደር፣ ለየብቻው ስም፣ የድሮው አጻጻፍ ለሪል ስም 8 ፊደል ብቻ ስለሚፈቅድ አጠር ይበል። የካሜራውን የፋይል ስም ማንም አይንካ። ታይምኮድ ያለው ካሜራ ከሆነ በየካርዱ ዜሮ እንዳይጀምር ይደረግ። የፍሬም ሬት (በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሚቀረጽ) ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ያቃልለዋል። እኔ ራሴ አንዴ በ24 የተቀረጸ ስራ ዝርዝሩን ስልክለት የከለሩ ልጅ በ25 ከፈተው፣ ሻቱ ከተጀመረ 20 ሰከንድ ላይ ያለ ከት 20 ፍሬም ሳተ፣ ሁሉም ሻት በየራሱ ልክ ስለሚስት ደግሞ ወደ ፊት ገፋ አድርገህ የምታስተካክለው አይደለም። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልካቸው ካሜራዎች አብዛኞቹ በሰከንድ 29.97 ፍሬም ተስተካክለው ነው የሚመጡት፣ እሱን ከ25 ጋር ቀላቅሎ የሚቀርጽ ካሜራማን ኤዲተሩን ገደለው ማለት ነው፣ ድሮፕ ፍሬም የሚሉት ነገር ሲጨመርበት በሰዓት 108 የፍሬም ቁጥር እየተዘለለ ስለሚቆጠር መዝገቡና ምስሉ አይገናኙም።

ኢዲኤል ሁሉን ነገር ይይዛል እያልኩ አይደለም። ምስል በአንድ ትራክ ብቻ ነው፣ ከለሩን አይዝም፣ ኢፌክቱንና ጽሁፉን አይዝም። ለዛ ኤክስኤምኤል ወይም ኤኤኤፍ የሚባሉት፣ ከኢዲኤል የበለጠ የሚይዙ የፋይል አይነቶች አብረው ይውጡ፣ ለሳውንዱም ኤኤኤፍ ነው የሚሻለው። ታይምኮድ ከላዩ ላይ የተጻፈበት አንድ ቀለል ያለ ኮፒም ይጨመር፣ ነገ የሚጠራጠር ሰው አይቶ እንዲያመሳክር። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ፍላሽ ላይ ቦታ ይተርፈዋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ፕሮዲውሰሮቻችን ስራ ሲረከቡ ኤምፒ4 ፋይሉን ብቻ ተቀብለው መሄዳቸው ነው። ውል ላይ አንድ መስመር ትግባ፣ ኤዲተሩ የመጨረሻውን ክፍያ የሚቀበለው የከቱን ዝርዝር ሲያስረክብ ነው የምትል፣ እኛ ኤዲተሮች ላይ ስራ አይጨምርም፣ አምስት ደቂቃ ነው። ፊልም የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም ተማሪውን ቆረጣ ሲያስተምሩ ዝርዝሩን በኖትፓድ ከፍቶ እንዲያነብ ቢያደርጉት፣ እኔ ያሰለጠንኳቸው ልጆች ታይምኮድ ምን እንደሆነ በደንብ የገባቸው መስመሮቹን በእጃቸው ሲደምሩ ነው። እናንተም በኪነጥበብ ገጻችሁ ፊልም ሰሪዎችን ስታነጋግሩ ስለ ታሪኩና ስለ ተዋናዩ ከጠየቃችሁ በኋላ ፉቴጁ የት ነው ያለው፣ ዝርዝሩስ ብላችሁ ብትጠይቁልን።

ከዛ ወዲህ የድሮ ኢሜይሌን ስበረብር የዘጠኝ ፊልም ዝርዝር አግኝቻለሁ፣ ለአራቱ ፕሮዲውሰሮች ደውዬ ሰጥቻቸዋለሁ፣ የአምስቱ ስልክ ተቀይሯል። ከዚህ በፊት እኔ ጋ ፊልም አስቆርጣችሁ የነበራችሁ ይሄን ካነበባችሁ ቤቴንም ስቱዲዮዬንም ታውቁታላችሁ፣ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ ክፍያ የለውም። ሃርድ ዲስኩንም ከመምጣታችሁ በፊት ሰክታችሁ መነሳቱን እዩልኝ፣ ስሞቹን ግን እንዳትነኩ።

አክባሪያችሁ
ቪዲዮ ኤዲተር፣ ከአዲስ አበባ