ደብዳቤ ለልጄ፦ ትልቅ ሞተር አልፈልግም

ሚጣዬ፣

«አባዬ፣ ቮልሱ ላይ ለምን ትልቅ ሞተር አትገጥምበትም? እዚህ ጀርመን ሞልቷል» ያልሽውን አሰብኩበት። አልፈልግም። ምክንያቱን ልንገርሽ። ደግሞም ለገና ስትመጪ የምታመጪልኝ ዕቃ አለ።

ቮልሳችን በፈረንጆቹ 1966 የተሠራ፣ 1300 የሚባለው ሞዴል ነው። ፋብሪካው 40 የፈረስ ጉልበት ሰጥቶት ነበር። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ከፍታው ይበላዋል። የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ ሚኒባሱ ሁሉ ክላክስ የሚነፋብን ለዚህ ነው። እኔ የምፈልገው ይህን የተበላውን ማስመለስ ነው፤ ከዚያ በላይ አልመኝም።

ሞተሩ ወርዷል። የያዙት አራት ብሎኖች ብቻ ስለሆኑ ማውረዱ ቀላል ነው። ኬዙ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና አካል፣ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀውን ቦታ፣ የሦስተኛውን ሲሊንደር ጀርባ፣ ቀድሜ አየሁት። ደህና ነው። የሞተር ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ሌላ ሞተር ብገጥም ሊብሬ ማስተካከል ሊመጣ ነው። ያንን ምልልስ ለጠላቴም አልመኝም።

ሦስተኛው ሲሊንደር የቮልስ ሁሉ ሕመም ነው። በድሮው አሠራር ዘይት ማቀዝቀዣው ማራገቢያው ሳጥን ውስጥ ቆሞ ወደዚያ ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ይከልለዋል። ስለዚህ ሦስተኛው ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። የጭስ ቫልቮላው፣ ማለትም ጭሱን የሚያስወጣው በር፣ ይቃጠላል፤ ሲብስም ተቆርጦ ወድቆ ፒስተኑን ይሰብረዋል። ፋብሪካው ራሱ ኋላ ላይ፣ በፈረንጆቹ 1971 ሞዴል፣ ማቀዝቀዣውን ከዋናው የአየር መንገድ አውጥቶ ለብቻው አየር ሰጠው። የዚያን ዘመን ሳጥን፣ ማቀዝቀዣና ሰፋ ያለውን ማራገቢያ ከአንድ የተፈታ ቮልስ ላይ አግኝቻለሁ። ጥቁር ቀለም ከተቀባ አዋቂ ካልሆነ ማንም አይለየውም። በሞተሩ ዙሪያ ያለውን ጎማም መልሼ አስገጥማለሁ። ብዙ ጋራዥ ይህን ጎማ አውልቆ ይጥለዋል። ያኔ ከታች የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ማራገቢያው ውስጥ ይገባል። ከዚያ «ቮልስ ይግላል» ይባላል!

ሌላው ከውጭ የማይታይ ሥራ ነው። ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ሲሊንደሩን የሚቀበልበትን ቦታ በቶርኖ ትንሽ ጠለቅ አስደርጌ ኮምፕሬሽኑን (ቤንዚንና አየሩ የሚታመቅበትን መጠን) ከ7.3 ወደ 8 አካባቢ አወጣዋለሁ። እዚህ ከፍታ ላይ ከዚያም በላይ ይችላል። ግን መተሐራ ስንወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ስለዚህ በልክ ይሁን። ፒስተኖቹንና ዘንጎቻቸውን ደግሞ እመዝናለሁ፤ ከባዱ ተሞርዶ ከቀላሉ እኩል ይሆናል። ለዚህ ፒያሳ ወርቅ ቤት ያለው ወዳጄ ሚዛኑን ሊያውሰኝ ነው፤ እየሳቀብኝም ቢሆን። ካርቡራተሩ ያው ይሆናል፤ ለዚህ አየር ቤንዚኑን ብቻ ቀነስ አደርግለታለሁ።

እንግዲህ የምታመጪው፦ 77 ሚሊሜትር ፒስተን ከነሲሊንደሩና ከነፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት)፣ የጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያዎች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ሙሉ ስብስብ፣ በፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ ለሻማው እሳት የሚሰጠው) ፈንታ ዲስትሪቡተሩ ክዳን ሥር የሚደበቀውን ኤሌክትሮኒክስ፣ እና የዘይት ፊልትሮ የሚያስገጥም ፓምፕ። ፋብሪካው ለሁለት ሊትር ተኩል ዘይት የሰጠው አንድ የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው። ይህን አደራ አትርሺ። ባትሪው 6 ቮልት መሆኑን ሳትነግሪያቸው ኤሌክትሮኒክሱን እንዳትገዢ፤ የ12 ይሰጡሻል።

ሲሊንደሮቹ ብረት ናቸው፤ የሻንጣሽን ኪሎ ይጨርሳሉ። ለእናትሽ የምታመጪውን ጫማ በእጅ ያዢው፤ አለበለዚያ ጥፋቱ በእኔ ነው የሚላከከው።

ሻጩ «በ77 ፈንታ 85.5 ሚሊሜትር ፒስተን ውሰጂ፣ ዋጋው ያው ነው» ቢልሽ እምቢ በይው። ቴስታታው ካልተቆረጠ ወይም ካልተቀየረ አይገባም፤ እኔ ደግሞ ለዚያ አላስቆርጠውም።

አባትሽ