ሰላምን አስቀድመሽ እዪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሰሽ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ወንድምሽም ሥራው እየሄደለት ነው። ከድሬስደን በባቡር ፕራግ ወርደሽ፣ እዚያ ለእይታ የቀረቡትን የጥንት ቅድመ ሰው አጽሞች፣ ድንቅነሽን (ሉሲን) እና ሕፃኗን ሰላምን፣ ልታዪ ማሰብሽን ስሰማ ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ቅናትም አልጠፋኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼን አሰልፌ እዚህ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም የወሰድኳቸው የድንቅነሽን ቅጂ እንዲያዩ ነው። ዋናው አጥንት ተቆልፎበት ይቀመጣል፣ መቀመጥም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ አሜሪካ ስትወሰድ አጥንቷ መንገድ አይችልም ብለው ከተቆጡት አንዷ ነበርኩ፤ ዛሬም ሐሳቤ ያው ነው። ግን ከሄደች አይቀር፣ አንቺ እያት።

ሰዉ ሁሉ ወደ ድንቅነሽ ይጋፋል። አንቺ ግን ወደ ሰላም ሂጂ። ብዙዎች የድንቅነሽ ልጅ ይሏታል፤ ነገር ግን ልጅቱ ከ"እናቷ" በመቶ ሺህ ዓመት ገደማ ትቀድማለች! ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የኢትዮጵያዊው ተመራማሪ የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ሲያገኛት በአሸዋ ድንጋይ ተውጣ ነበር፤ ዘረሰናይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ድንጋዩን ጥቂት በጥቂት እየፋቀ ዓመታት ፈጀ። በሕፃንነቷ የሞተች ናት፤ የሕፃን አጥንት ደግሞ ስስ ስለሆነ ይህን ያህል ዘመን መቆየቱ ራሱ ብርቅ ነው። የትከሻዋ አጥንት የጎሪላን ይመስላል፣ ጣቶቿም ጎበጥ ያሉ ናቸው፤ ዛፍ ላይ መንጠላጠል ሳትችል አልቀረችም። እግሯ ግን ቆሞ የሚሄድ ፍጡር እግር ነው። ከወገብ በታች ወደ እኛ፣ ከወገብ በላይ ገና ወደ ዛፉ። ተማሪዎቼ "ዝግመተ ለውጥ" ሲባል መላ አካል በአንድ ጊዜ የሚለወጥ ይመስላቸው ነበር፤ ሰላምን ቢያዩ ኖሮ እኔ ባልደከምኩ።

ድንቅነሽም ያንኑ ትነግርሻለች። አንጎሏ ከእኛ ሲሶ ቢሆን ነው፤ ዳሌዋና ጉልበቷ ግን ቀና ብላ ትራመድ እንደነበር ይመሰክራሉ። መራመዱ ቀደመ፣ አንጎሉ ብዙ ቆይቶ ደረሰ። እዚያው አፋር ውስጥ ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች እንኳ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ናቸው፤ ከእሷ በስድስት መቶ ሺህ ዓመት ገደማ ያንሳሉ። ደግሞ የሆነ ግድግዳ ላይ ከዝንጀሮ ጀምሮ እየቀና የሚሄድ ያንን የሰልፍ ሥዕል ካየሽ እውነት ነው ብለሽ አትቀበዪው። ከዛሬው ቺምፓንዚ አልመጣንም፤ ከእሱ ጋር የጋራ ቅድመ አያት አለን፣ ያ ቅድመ አያት ደግሞ የሁለታችንንም መልክ አልነበረውም። ይህን ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ እግዚአብሔር ይወቅልኝ።

"ዕድሜዋን በምን አወቁት?" የሚልሽ ጓደኛ አይጠፋም። አጥንቱን አይደለም የሚለኩት። አፋር የእሳተ ገሞራ አገር ነው፤ አመዱ በየዘመኑ እየዘነበ ንጣፍ ሠርቷል። አመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ስለሚለወጥ፣ ከአጥንቱ በላይና በታች ያለው ንጣፍ ሲለካ መካከል ያለው ዕድሜ ይታወቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ እዚያ አይጽፉልሽም ብዬ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶናልድ ጆሃንሰን አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ድንቅነሽን ያገኛት ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት በደርግ በተረሸኑ ማግስት። እኔ ልጅ ነበርኩ። ያን ዕለት ቤታችን የሐዘን ቤት መስሎ እንደነበር እንጂ ሌላ ነገር መኖሩን ማን ያውቃል? አዲስ አበባ የሚቀበርና የሚለቀስ ሲበዛ፣ አፋር ላይ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የተቀበረች ሴት ትወጣ ነበር። እነዚህን ሁለት ቀኖች አጠገብ ለአጠገብ ባሰብኩ ቁጥር ራሴን ያዞረኛል።

አያትሽ ነፍሷን ይማረውና ስለ ዝግመተ ለውጥ ስነግራት "እኔም ከአፈር ነው የምለው፣ እነሱም ከአፈር ነው ያወጧት፤ ምን ያጣላናል?" ትለኝ ነበር። ካህኑም እዚያው ተቀምጠው ይስቁ ነበር።

እንግዲህ ከሄድሽ አይቀር የድንቅነሽን የመንጋጋ መጨረሻ ጥርስ ልብ ብለሽ እይልኝ። አዋቂ መሆኗ ከታወቀባቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው፤ በቅሎ ጥቂት ተበልቷል ይላሉ። በቅጂው ላይ መበላቱ አልታየኝም። ፎቶ ማንሳት ከከለከሉሽ በእርሳስ ሥለሽ ላኪልኝ፤ ሥዕል አልችልም እንዳትዪኝ፣ የልብን ሥዕል ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ብርድ ከመግባቱ በፊት ካፖርትም ግዢ።

እናትሽ